የጭላት ገደልና ሁለቱ የእረፍት ቀናት

ባለፈው ግንቦት የተማርኩበት ትምህርት ቤት የምሥረታ በዓሉን ሲያከብር ብቸና ከድንኳኑ ሥር ተቀምጬ አጨበጨብኩ። በኩራት የምናገረው ነገር አይደለም። ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ እጁን አጣምሮ የሚቀመጥ ሽማግሌ ወይ ታሟል ወይ ቂም ይዟል ይባላል፤ እኔ ደግሞ ቂሜን ለሕዝብ ማሳየት አልፈለግሁም። መድረኩ ላይ በክብር ወንበር የተቀመጡት የድሮው የስፖርት መምህራችን፣ መምህር ግርማ ነበሩ። ዕድሜ አጉብጧቸዋል፣ በከዘራ ነው የሚሄዱት፤ ያቺ አገጫቸውን ቀና አድርገው ሰውን ከላይ ወደ ታች የማየት አመል ግን አልለቀቀቻቸውም። ትምህርት ቤቱ የዓለት መውጣት ክበብ እንደገና ስላቋቋመ «የክበቡ አባት» ብሎ ካባ አለበሳቸው። እሳቸውም ተነሥተው አማተቡና «በስመ አብ» ብለው ንግግራቸውን ጀመሩ። በእኛ ጊዜ መድረክ ላይ ማማተብ ምን ያስከትል እንደነበር የማውቅ ሰው ይሄን ሳይ ሳቄ መጣ።

ካባው ምንም አይደለም፤ ካባ ዛሬ ለማንም ይለበሳል። የቆጨኝ ንግግራቸው ነው። ከፊታቸው የክበቡ ወጣቶች ባለቀለም ገመዳቸውን ትከሻቸው ላይ ጠምጥመው፣ የእጅ ላብ የሚያደርቅ ነጭ ዱቄት በከረጢት ወገባቸው ላይ አንጠልጥለው ተሰልፈዋል። መምህር ግርማ ስለ ልምምድና ስለ ዒላማ ሲያወሩ ጥሩ ነበር፤ ያኔም ጎበዝ አስተማሪ ነበሩ፣ ያን አልክድም። በመጨረሻ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉና «በኔ ጊዜ አንድ ልጅ ነበር» አሉ። «ከሁሉም የበለጠ ጎበዝ። ግን ዲሲፕሊን የለውም። እረፍ ስትሉት አያርፍም። ዒላማው አፍ ላይ ደርሶ በገዛ ጥፋቱ ወደቀ። እናንተ እንደሱ እንዳትሆኑ።» ወጣቶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። አንዷ ልጅ ስልኳን አውጥታ ጻፈችው። ስሙን እንኳ አልጠሩትም። ስሙ ይበልጣል ነው፤ ሞጣ ውስጥ ትንሽ ሱቅ አለው፤ ጓደኛዬ ነው።

ድንኳኑ ውስጥ የነበረው ጭብጨባ እስኪበርድ እኔ በሐሳብ ርቄ ሄጃለሁ። ከፊቴ ከቆመው ልጅ ገመድ የሚወጣው የአዲስ ናይለን ሽታ ነው የወሰደኝ። ያኔ መምህር ግርማ ከውጭ አገር ሥልጠና ሲመለሱ አንድ ሻንጣ ልብስና አንድ ጥቅል ገመድ ይዘው ነበር ብቸና የገቡት፤ ገመዱም ልክ እንደዚህ ነበር የሚሸተው። ከአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ሲወርድ ያየ ሰው ሁሉ የጉድጓድ ውኃ መቅጃ ነው፣ የለም የድንኳን ነው እያለ ተከራክሯል። «በዚህ ገመድ ገደል እንወጣለን» ሲሉ አንድ አዛውንት «ገደል ማዶ ምን ጠፍቶብዎት ነው?» ብለው የጠየቋቸው እስከ ዛሬ ያስቀኛል። መምህር ግርማ ግን አልሳቁም። የሚስቁ ሰው አልነበሩም።

ስብሰባ የበዛበት ዘመን ነበር። የትኛው እንደሆነ የኖረበት ያውቀዋል፤ ያልኖረበት ባያውቀው ምንም አይቀርበት። ለእኔ ያ ዘመን ማለት ቦላሌ ሱሪና ጠባብ ሸሚዝ ነው። ቴትሮን ሱሪ ያለው ልጅ ሲቀመጥ እንዳይጨማደድበት ጉልበቱን በሁለት ጣቱ ቆንጠጥ አድርጎ ከፍ የሚያደርግበት ጊዜ ነው። ጸጉራችን እንደ ጎፈር ነው፤ ማበጠሪያው ከኋላ ኪሳችን ብቅ ብሎ ይታያል። ከመናኸሪያው ማዶ ያለችው ሻይ ቤት ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ ቦምቦሊኖ ደግሞ በመጠኑ ጨመር ባለ ዋጋ ትሸጥ ነበር፤ ባለቤቱ አንድ ቴፕ ነበረው፣ ክሩ እየተጠማዘዘ ስለሚነክስበት ዘፋኙ ከመሐል ድምፁ ይወፍርና እንቅልፍ የወሰደው ሰው ይመስል ነበር። እኛ ግን ከነመወፈሩ ቃል በቃል አጥንተነው፣ ድምፁ የሚወፍርበት ቦታ ላይ ስንደርስ አብረን እናወፍር ነበር። ያቺ ሻይ ቤት ዛሬ የስልክ መጠገኛ ሆናለች፤ በዓሉ ዕለት ሳልፍ ቆሜ አየኋት፤ የሚጠግነው ልጅ «ጋሼ፣ ምን ልርዳዎት?» አለኝ። ምን ልበለው? አልፌ ሄድኩ።

ይበልጣል የቅኔ መምህር ልጅ ነው። አባቱን ከተማው ሁሉ የኔታ ነበር የሚላቸው፤ ቀጭን፣ ቁጡ፣ ሻሻቸው ሁልጊዜ ንጹሕ። ልጃቸው መዝሙረ ዳዊት ጨርሶ፣ ቅኔ ቆጥሮ፣ ዲቁና ተቀብሎ ሳለ አስኳላ ልግባ ሲላቸው ለረጅም ጊዜ አኩርፈውት ነበር። በኋላ ፈቀዱ፤ ግን አንድ ነገር አስማሉት። ሰሙነ ሕማማትን በየዓመቱ ቤተ ክርስቲያን ውሎ እንዲሰግድ። ለሌላው ለሌላው ነገር ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ ለዚያ ግን አይጨፍኑም። ለማያውቅ ልንገር፤ ሕማማት ማለት ከፋሲካ በፊት ያለው ሳምንት ነው፤ ከሰኞ ጀምሮ ሰው ከጧት እስከ ማታ ቤተ ክርስቲያን ይውላል፣ በየሰዓቱ ንባቡ ሲደርስ ግንባሩ መሬት እስኪነካ ይወድቃል ይነሣል፣ ይወድቃል ይነሣል፤ እህልና ውኃ የሚቀመሰው አመሻሽ ላይ ነው። ጉልበት ያለው ጎረምሳ እንኳ ማክሰኞ ማታ ደረጃ መውጣት ያቅተዋል። መጨባበጥና መሳሳምም የለም፤ ሰላምታ እስከ ፋሲካ ይቆያል።

መምህር ግርማ ለክበቡ ሲመርጡን ብዙ ነበርን፤ ልምምዱ ሲጠነክር ግን አንድ ባንድ እየተንጠባጠብን ጥቂት ቀረን። ልምምዱ ዛሬ ልጆቹ በስልክ ቪዲዮ የሚያዩት ዓይነት ጌጠኛ አልነበረም። ኳስ ሜዳው የጎል አግዳሚ ላይ በጣቶቻችን ተንጠልጥለን መምህሩ ሲጋራቸውን አጭሰው እስኪጨርሱ እንቆያለን፤ ቀስ ብለው ያጨሱ የነበረው ሆን ብለው ነው ብለን እናማቸው ነበር። ከጥቁር ሰሌዳ የተረፈ ጠመኔ ፈጭተን እጃችንን እንቀባለን። አሸዋ የሞላ ጆንያ ተሸክመን ዳገት እንወጣለን። ከሁሉም በላይ የሚያስተምሩን እግርን ነበር። «እጅ ይይዛል እንጂ አይወጣም፤ የሚወጣው እግር ነው» እያሉ ዓለቱ ሥር ቆመው በሸምበቆ ጫማችንን ቸብ ያደርጉናል። ጫማ ስል የጫማ ሱስ ነበረብን፤ ሸራ ጫማ ከደብረ ማርቆስ ካልመጣ አይገኝም። ይበልጣል በረባሶ የሚሠራ ሰው ለምኖ ለሸራ ጫማው ከመኪና ጎማ የተቆረጠ ስስ ሶል አስለጠፈ፤ ያ ጫማ ዓለት ላይ ሲረግጥ ቀጥ ይል ነበር፣ አይንሸራተትም። ጣቱን ለማጠንከር ደግሞ የጎረቤቱን ሁሉ ጋቢ ወንዝ ወስዶ እያጠበ ይጨምቃል። እርጥብ ጋቢ የጨመቀ ሰው ያውቀዋል፤ ክንድ ያቃጥላል። ሴቶቹ መርቀውት አይጠግቡም ነበር፤ እንዲህ ያለ ልጅ የት ይገኛል እያሉ።

የመምህሩ ትልቁ ትምህርት ግን ዒላማ ነበር። በየሳምንቱ መጀመሪያ ከጎሉ ሥር አሰልፈው አንድ ባንድ ያናግሩናል፤ የሳምንቱ ዒላማህ ምንድን ነው፣ የወሩስ፣ የዓመቱስ። ድምፅህን ከፍ አድርገህ በጓደኞችህ ፊት መናገር አለብህ። እኔ ሁልጊዜ ከአቅሜ በታች ነበር የምናገረው፤ እንዳላፍር። ይበልጣል ግን የዓመቱን ሲጠየቅ መጀመሪያ ከተናገረባት ቀን ጀምሮ አንዲት ነገር ብቻ ነው የሚለው። «ጭላት ገደል።» ጭላት ገደል ከከተማው ወጣ ብሎ ወደ በረሃው መውረጃ ላይ የቆመ ጥቁር ዓለት ነው፤ ጭላትና አሞራ እንጂ የሰው ልጅ አናቱን በፊት ለፊት ወጥቶት አያውቅም። ዛሬ ስለ ዒላማ የሚጽፉ ሰዎች ትንሽ ትንሽ እያደረጉ ከፋፍሎ መድረስ ይላሉ፤ ልክ ናቸው፣ ይበልጣልም ያን ገደል ከፋፍሎ ነበር የሚያጠናው። የመጀመሪያውን እርከን በኅዳር፣ ወገቡን በጥር፣ አናቱ ሥር ያለውን ጎርበጥባጣ በየካቲት። ማታ ማታ ከሻይ ቤቱ ስንመለስ መንገድ ላይ ቆሞ እጁን አየር ላይ እያንቀሳቀሰ፣ ግራ እጅ እዚህ፣ ቀኝ እግር እዚህ እያለ ያለ ዓለት ይወጣ ነበር። መንገደኛ ያበደ ይመስለው ነበር።

ከዚያ ነገሩ ከፍ አለ። በመጋቢት መምህር ግርማ ጠርተውን ከበላይ የሚመጡ እንግዶች መኖራቸውን፣ በዓል ተደርጎ ጭላት ገደል አናት ላይ ባንዲራ እንደሚተከል፣ የሚተክለውም ልጅ ለስፖርት ትምህርት ውጭ አገር እንደሚላክ ነገሩን። አራት ዓመት፣ ሙሉ ወጪው ተሸፍኖ። ይበልጣል የዚያን ዕለት ሻዩን እስኪቀዘቅዝ ትቶ ስለ ጉዞው ያወራ ነበር። የኔታ ቤት ዕቃ የሚባል ነገር የለም፤ መጻሕፍት፣ መቋሚያ፣ ጽናጽልና አንድ መደብ ነው ያለው፤ ይህ ልጅ ከዚያ መደብ ተነሥቶ አውሮፕላን ሊሳፈር ነው። «ምንይችል፣» አለኝ፣ ስሜ ነው፣ «ስመለስ እዚህ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። የጎል አግዳሚ ላይ አይደለም፣ የዓለት ግድግዳ ሠርቼ ነው የማስተምረው።» ቀኑ ሲነገረን ሮብ ነው። ሻይ ቤቱ ውስጥ ቁጭ ብለን በጣታችን ቆጠርነው። የሕማማቱ ሮብ ነው።

የመንግሥት ሠራተኛ ወይም ተማሪ ቤተ ክርስቲያን ታየ ከተባለ ስብሰባ ላይ ስሙ የሚነሣበት ጊዜ መሆኑን አስቡልኝ። «ኋላ ቀር» ይባላል፤ የተባለ ሰው ደግሞ ለውጭ አገር ትምህርት አይታጭም። ይበልጣል ለመምህሩ ቀኑ ይቀየርልኝ አይል፤ ለአባቱ ዘንድሮ አልሰግድም አይል። ሁለቱም አፍ አዘጉት። መምህር ግርማ ደግሞ የመጨረሻውን መመሪያ ሰጡ። «ከመውጣትህ በፊት ሁለት ቀን ሙሉ እረፍት። ሩጫ የለ፣ መንጠልጠል የለ፣ ጆንያ የለ፣ ጋቢ መጭመቅ የለ። ጡንቻ የሚገነባው ስታርፍ ነው።» ይበልጣል ይህን ሲሰማ ፊቱ በራ። ለካ መውጫ አግኝቶ ነው። ሰኞና ማክሰኞ ልምምድ ከሌለ ቤተ ክርስቲያን መዋል ይችላል፤ አባቱም አይከፋቸው፣ መምህሩም አይቆጡ። መስገድ እንደ ሥራ አልታየውም። እኛ ቤት ማንም እንደ ሥራ አያየውም፤ ጸሎት ነው እንጂ ድካም ነው ብሎ የሚቆጥር የለም። መሮጥ የለም ተባለ፣ አልሮጠም። መንጠልጠል የለም ተባለ፣ አልተንጠለጠለም። የታዘዘውን ሁሉ አከበረ።

እኔ እነዚያን ሁለት ቀናት ገደሉ ሥር መድረክ ስንሠራ፣ ድንጋይ ኖራ ስንቀባ ነው የዋልኩት፤ ተማሪው ሁሉ ታዞ ነበር። ስለዚህ ይበልጣልን ያየሁት ሮብ ጧት ነው። እጄን ስዘረጋለት አልጨበጠኝም፤ ሕማማት መሆኑ ትዝ አለኝና መለስኩት። ከዚያ ሱሪውን ሰብስቦ ጫማውን ሲያስር ጉልበቱን አየሁት። ቆዳው ተልጧል። ከተቀመጠበት ሲነሣ ዓለቱን ተደግፎ ነው።

«ሰገድክ እንዴ?» አልኩት።

«ታዲያ ምን ላድርግ?» አለ። «እረፍት አይደል የተባለው? ምንም አልሠራሁም እኮ።»

«ይበልጣል፣ እግርህ እየተንቀጠቀጠ ነው።»

«ሲሞቅ ይተወኛል። ለሰው እንዳትናገር። ቤተ ክርስቲያን ዋለ ከተባለ ሌላ ልጅ ነው የሚያስወጡት።»

የት መዋሉን ሳልናገር መምህር ግርማ ዘንድ ሄጄ፣ «መምህር፣ ይበልጣል ዛሬ ደህና አይመስልም፤ ለከሰዓት ወይም ለነገ ቢሆን» አልኳቸው። ገመዱን እየጠቀለሉ ነበር። ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም። «አርፏል» አሉ። «ሁለት ቀን ሙሉ አርፏል።» እንግዶቹ በመኪና ደርሰው መድረኩ ላይ ተቀምጠዋል፤ ማይክሮፎኑ ይጮኻል። የከተማው ሰው ግማሹ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ሜዳው ላይ ያለነው ተማሪና ታዞ የመጣ ሠራተኛ ብቻ ነን። ገመዱን የያዝነው እኔና መምህሩ ነን።

የመጀመሪያውን እርከን እንደ ድመት ነው የወጣው። ስንጥቁ ውስጥ ብረት በመዶሻ እየመታ፣ ገመዱን በቀለበቱ እያሳለፈ ወገቡ ጋ ሲደርስ መድረኩ ላይ ያሉት ተነሥተው ያጨበጭቡ ጀመር። ከዚያ ዘገየ። አንዱን እግሩን አንሥቶ ወደ ቀጣዩ መርገጫ ማድረስ አቃተው፤ ጭኑ አልታዘዝ አለው። ከአናቱ ሥር፣ ጎርበጥባጣው ላይ፣ ሁለቱም እግሮቹ መርበትበት ጀመሩ፤ ከታች ሆኖ ይታያል። እግሩ ሲከዳው በእጁ ተንጠለጠለ። ያ ሁሉ የተጨመቀ ጋቢ ያቆየውን ያህል አቆየው። ባንዲራው ጀርባው ላይ እንደታሰረ፣ አናቱ በክንድ ርቀት ሲቀረው ለቀቀ። ገመዱ መዳፋችንን እየላጠ ሮጠና ቆመ፤ ሕይወቱን አተረፈው። ግን ወዝውዞ ወስዶ ዓለቱ ላይ አላተመው። ድምፁን እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ፤ ቀኝ እግሩና የግራ እጁ አንጓ ናቸው የተሰበሩት። ስናወርደው አልጮኸም። «አናቱ ቀረ?» ብሎ ብቻ ጠየቀኝ።

ውኃ ስንሰጠው አልጠጣም፤ ሰዓቱ አልደረሰም አለ።

ከዚያ ወዲያ የሆነው ነው የሚመረኝ። በማግስቱ ስብሰባ ተጠራና መምህር ግርማ ተነሥተው፣ ልጁ የእረፍት ትእዛዝ ጥሶ ራሱን አድክሞ መጥቷል፣ የዲሲፕሊን ጉድለት ነው አሉ። በምን እንደደከመ አልተናገሩም፤ የጠየቃቸውም የለም። ውጭ አገር የተላከው ከሌላ አውራጃ የመጣ፣ ዓለት ነክቶ የማያውቅ ኳስ ተጫዋች ነው። በወዲህ በኩል ደግሞ የቤተ ክርስቲያኑ ሰው፣ በሕማማት ለዓለማዊ በዓል ገደል የወጣ ልጅ እግዜር ቀጣው አለ። ስቅለት ዕለት የኔታ ብቻቸውን ሰገዱ፤ ልጃቸው ወጌሻ ቤት ተኝቶ እግሩ ሲጎተት ይጮኻል። ድኖ ሲወጣም እስከ ሌላው ፋሲካ አላናገሩትም። አየህ እንግዲህ፤ አንዱ ሰገደ ብሎ፣ ሌላው ወጣ ብሎ ኮነነው። ያን ቀን መርጦ በሕማማት ላይ የጣለውን ሰው ግን ማንም አንድ ቃል አልተናገረውም። እኔ ይህን ሳስብ አሁንም፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ ጥርሴን አፋጫለሁ።

እግሩ ጎብጦ ነው የገጠመው። ብቸና መኖር አልቻለም፤ ሲያነክስ ያየው ሁሉ «የገደሉ ልጅ» ይለዋል። አጎቱ ዘንድ ሞጣ ሄደ፤ መጀመሪያ ሳሙናና ክብሪት በደረቱ ይዞ ሸጠ፣ በኋላ ሱቅ ከፈተ፣ አገባ፣ ወለደ። እኔ ጤና ረዳት ሆኜ ስሠራም፣ ጡረታ ከወጣሁም በኋላ፣ በየዓመቱ አንድ ሁለቴ እጠይቀዋለሁ፤ ስለ ገደሉ ግን አናወራም። አንዴ የሱቁ መደርደሪያ ላይኛው እርከን ላይ ያለ ካርቶን ለማውረድ ልጁን ሲጠራ ሰማሁና ፊቴን አዞርኩ። ጭላት ገደልን ከሚያውቅ ሰው ፊት መደርደሪያ መውጣት ያቃተው ሰው መሆን ምን እንደሚሰማው እሱ ነው የሚያውቀው። መምህር ግርማ ደግሞ መጀመሪያ ደብረ ማርቆስ፣ ከዚያ አዲስ አበባ ተዛወሩ፤ አደጉ፤ ዘመኑ ሲገለበጥ አብረው ተገለበጡ። ዛሬ ነጠላቸውን አጣፍተው የሰንበት ጉባኤ የሚመሩ ሰው ናቸው አሉ።

ከበዓሉ በፊት ለይበልጣል ደውዬለት ነበር፤ አብረን እንሂድ ብዬ። «አንተ ሂድ» አለኝ። «ያሉትን ሁሉ ደህና አድርገህ ስማና መጥተህ ንገረኝ።» ስለዚህ በበዓሉ ማግስት አውቶቡስ ተሳፍሬ፣ ደብረ ወርቅንና ግንደወይንን አልፌ ሞጣ ገባሁ። መንገዱን ሁሉ ብስጭቴን እያመነዠክሁ ነው የሄድኩት። አጠገቤ የተቀመጠች ሴትዮ «አባባ፣ አሞዎታል?» ብላ ጠየቀችኝ። ሱቁ ደጃፍ ስደርስ ይበልጣል ከበርጩማው ብድግ አለ፤ ሌላ ጊዜ ተቀምጦ ነበር የሚቀበለኝ። ሚስቱ የሺ ከጓዳ ጠላ አመጣችልንና ትታን ገባች።

«እሺ፣ ንገረኝ» አለ፣ ብርጭቆውን ሳይነካ።

ነገርኩት። ካባውን፣ ማማተባቸውን፣ ወጣቶቹን፣ ከዚያ ያን ያልተጠራ ልጅ። እረፍ ሲሉት አያርፍም ማለታቸውን ስነግረው እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

«በአደባባይ?» አለኝ።

«በአደባባይ። ደግሞ ጻፉት! ይሄ ዝም የሚባል ነገር አይደለም። ዛሬ የሚያስፈራ ነገር የለም። አንድ ቀን አብረን እንሂድና ለእነዚያ ልጆች እንንገራቸው። ሕማማት ነበር፣ ሲሰግድ ነው የዋለው፣ ሰውየው ይህን አያውቅም ነበር እንበላቸው።»

«አያውቅም ነበር?» አለ ይበልጣል።

«ከየት ያውቃል? በዐቢይ ጾም ሲጋራ የሚያጨስ ሰው!»

ወደ መንገዱ አየ። አንድ ደንበኛ ሳሙና ጠየቀው፤ ሰጠው፤ መልስ መለሰለት። ከዚያ ወደኔ ዞረ።

«ማክሰኞ ዕለት ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ሰው ከማያይበት ከጥዱ ዛፍ ሥር ነበር የምሰግደው። አባቴ ከውስጥ ናቸው። ከፊቴ አንድ ሰው ጋቢ እስከ ዓይኑ ተከናንቦ ይሰግዳል። ሲነሣ ጋቢው ወረደበት። ግርማ ነው።»

«ማን?»

«ግርማ ነው እኮ የምልህ። ዞር ሲል ዓይን ለዓይን ተያየን። ሰላምታ የሌለበት ሳምንት ነው፤ ሰላም አልተባባልንም። ቶሎ ተከናነበ። እኔም መስገዴን ቀጠልኩ። ማታ ሰው ሲወጣ እሱ በአጥሩ በኩል ሄደ፣ እኔ በበሩ። ሙሉ ቀን አብረን ነው የሰገድነው፣ ምንይችል። ሮብ ጧት ገመዱን ወገቤ ላይ ሊያስርልኝ ሲንበረከክ፣ ጉልበቱን ይዞ ሲያቃስት ሰምቼዋለሁ።»

 ያ «አርፏል» ያሉኝ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ነው። ስንት ዓመት ሙሉ፣ የማያውቁ ሰው ናቸው ብዬ ግማሽ ይቅርታ ሳደርግላቸው ኖሬ!

«ለምን አልተናገርክም?» አልኩት በመጨረሻ።

«ያኔ ብናገር እንጀራው ይሄዳል፤ ምናልባትም ነፍሱ። ፈርቶ ነው ብዬ ተውኩት። እኔም ፈርቼ ነበር። በኋላ ግን፣ የሚያስፈራው ጊዜ ሲያልፍ፣ አንድ ቀን ራሱ ይናገረዋል ብዬ ጠበቅሁ። ለአባቴ ይነግራቸዋል ብዬ ነበር፤ አባቴ ሳይሰሙ ሞቱ። ካባ ሊያለብሱት ነው ሲባል፣ እንግዲህ አርጅቷል፣ እዚያው የወደቅሁበት አገር ላይ ቆሞ ይናገራል አልኩ።»

ብርጭቆውን አነሣና ሳይጠጣ መልሶ አስቀመጠው።

«አንተን በሩ ላይ ሳይህ፣ ተናገረ ብዬ ነው የተነሣሁት።»